አንገት ላይ እብጠት ሲወጣ እንዴት እንከታተለው? (ቫይረስና ሊምፎማ)

እኛ ጎጃም አንገት ወይ ብብት ስር እብጠት ሲወጣ "ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል" ይባላል፣ ብዙ ጊዜ እውነትም ይጠፋል፣ ግን አንዳንዴ ሊምፎማ ማለትም የነጭ ደም ሴል ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ባካችሁ ችላ አትበሉት።

መጀመሪያ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ጉሮሮ ታማችሁ የመጣ ከሆነ ሲነካ ያማል፣ በሁለት ሶስት ሳምንት ይሟሽሻል። የማያም፣ እንደ ላስቲክ ጠንከር የሚል፣ እያደገ የሚሄድ ከሆነና ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት ከተጨመረበት ቶሎ ሂዱ። አታሹት፣ በጋለ ብረትም አታስተኩሱት።

ቫይረስ ምን አገባው ካላችሁ፣ ኤፕስታይን ባር የሚባል አለ፣ በፈረንጆቹ 1964 ከበርኪት ሊምፎማ (በብዛት ልጆችን የሚይዝ የሊምፎማ አይነት) ሴል ነው የተገኘው፣ በምራቅ ይተላለፋል፣ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘውና ምንም ሳይሆን አብሮት ይኖራል። ችግሩ ወባ ሲደጋገም ወይ ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ነው፣ ያኔ ቫይረሱ ያደረበት ሴል ተቆጣጣሪ ያጣና ይባዛል። ስለዚህ ቆላ ያላችሁ፣ አባይ በረሃ አካባቢም፣ ልጆቹን አጎበር ውስጥ አስተኙ፣ የልጅ መንጋጋ በቀናት ውስጥ እያበጠ ጥርሱ ከተነቃነቀ የጥርስ ህመም ነው ብላችሁ አትለፉት፣ በርኪት በጣም ፈጣን ነው ግን ቶሎ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ይድናል።

ሀኪም ጋ ስትደርሱ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ሲ (የጉበት ቫይረስ) ምርመራ ጠይቁ፣ ሄፓታይተስ ሲም ሊምፎማ ሊያመጣ ይችላል። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ካልለየው ባዮፕሲ (ከእብጠቱ ቆርጦ መመርመር) ይሰራ በሉ፣ የእጢ ቲቢም ልክ እንደዚሁ ያብጣልና በግምት የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ወራት ማባከን ያሳዝናል። ፀበሉንም ተጠመቁ፣ ቀጠሮውን ግን አታሳልፉ።