የዓሣ አጥማጅ ድንኳን ዝናብ እንዳያስገባ በሰም እንዴት ይቀባል?

ግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር ቅዳሜን አድሮ መንጠቆ የሚጥል ሰው ከዓሣው በፊት የሚጨነቀው ስለ ድንኳኑ ነው። ጅማና አካባቢዋ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ። ዝናቡ ደግሞ ሰኔ ገብቶ መስከረም ሲጠባ የሚያበቃ አይደለም፤ በበልግም ይመጣል፣ ቡና በሚለቀምበት በጥቅምትም ይመጣል። የእኔ ድንኳን ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ ተጠቅልሎ በትከሻ የሚያዝ፣ ከጥጥ ሸራ የተሰፋ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አፈሰሰብኝ። በየዓመቱ ሰም ቀባሁት፣ በየዓመቱም አፈሰሰ። በአራተኛው ዓመት ነው የሚያፈሰው ጨርቁ ሳይሆን ስፌቱ መሆኑ የገባኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ስፌት ብዙ እላለሁ፤ ሌላው ቀላል ነው።

ሸራው ጥጥ መሆኑን ያረጋግጡ

ሰም የሚይዘው የጥጥ ሸራ ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዘው በክብሪት ያቃጥሉት። እንደ ወረቀት ነዶ ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ግን ናይለን ወይም ፖሊስተር ነውና ሰም አይምጠውም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ድንኳን በቱቦ የሚሸጥ የስፌት ማሸጊያ ይፈልጉለት። ውስጡ የሚያጣብቅና እንደ ቆዳ የሚላላጥ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካው ሽፋን አርጅቷል ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ድንኳን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም።

ሥራውን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይያዙት። ጅማ ላይ ፀሐይ ለተከታታይ ቀናት የምትታመነው ያኔ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት ደረቅ አየር ይፈልጋል።

ማጠብ

ጭቃውን ደረቅ እንዳለ በብሩሽ ያራግፉ። የሻገተውን ቦታ አንድ እጅ አቸቶ በአራት እጅ ውኃ በጥብጠው ይሹት፣ ጥቂት ያቆዩትና በብዙ ውኃ ያለቅልቁ። ከዚያ በፀሐይ ያድርቁት።

የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ የከሸፈው በዚህ ነው። ድንኳኑ እንዲያምር ብዬ በዱቄት ሳሙና አጥቤ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቄ አደረቅሁት፤ ከዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ሰም ቀባሁት። ሐይቁ ዳር በመጀመሪያው ዝናብ ውኃው ሰም እንዳልነካው ጨርቅ ሰርጎ ገባ። ሳሙና የተሠራው ውኃን ወደ ጨርቅ ለማስገባት ነው፤ በክሩ ውስጥ የቀረው ሳሙና ከሰሙ ሥር ሆኖ ያንኑ ሥራውን ይቀጥላል። ቀድሞ በሳሙና የታጠበ ድንኳን ካለዎት አረፋ የሚባል እስኪጠፋ ድረስ ደጋግመው ያለቅልቁት።

መድረቁን በእጅ ዳሰሳ ብቻ አይመኑ። ስፌቱ ድርብ ስለሆነ ከጨርቁ በኋላ ነው የሚደርቀው። እኔ ደርቋል ካልኩ በኋላ አንድ ቀን እጨምርለታለሁ።

ሰሙን ማዘጋጀት

በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት የመጀመሪያዋ ናት፤ የጅማና የከፋ ጫካ ደግሞ የቀፎ አገር ነው። ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ማሩ ከተለየ በኋላ የሚቀራቸውን ሰፈፍ በርካሽ ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹም ውሰደው ይላሉ። ሰፈፉን በሻሽ ቋጥረው ውኃ በሞላ አሮጌ ድስት ውስጥ ድንጋይ ጭነው ይቀቅሉት። ሰሙ በጨርቁ ቀዳዳ ሾልኮ ይንሳፈፋል፤ ቆሻሻው ቋጠሮው ውስጥ ይቀራል። ድስቱን ሳይነኩ ያሳድሩት፤ ጠዋት ላይ ሰሙን እንደ ቂጣ ያነሱታል። ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ይፋቁ።

የሱቅ ሻማ አቅልጠው የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ሻማ ዛሬ በአብዛኛው ፓራፊን ነው፤ ፓራፊን ብቻውን ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ድንኳኑ በሚታጠፍበት መስመር ሁሉ ይሰነጠቃል። የንብ ሰም ግን ለስላሳ ነው፣ ከጨርቁ ጋር ይታጠፋል። በጠንካራ ፀሐይ ትንሽ ማጣበቁ እውነት ነው፤ ከስንጥቅ ይሻላል።

ለሁለት ሰው ድንኳን 1 ኪሎ ተኩል የተጣራ ሰም ይበቃል። ግማሽ ኪሎውን እንዳለ ለስፌት ያስቀምጡ፣ አንዱን ኪሎ ለጨርቁ።

ስፌቱ

ዓይኔን የገለጡልኝ ሸራ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ሐሙስ ገበያ ላይ ድንኳኔን ዘርግቼ ሳሳያቸው ጨርቁን ከቁብ አልቆጠሩትም። ጣታቸውን በጣሪያው ስፌት ላይ አስኬዱና «ልጄ፣ ይህ እኮ አሸንዳ ነው» አሉኝ። «ውኃውን ይቀበለዋል፣ ያጠራቅመዋል፣ ከዚያ በመርፌው ቀዳዳ ያስገባልሃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ቆርቆሮ ሲመታ አላየህም? የላዩ የታቹን ያለብሰዋል እንጂ የታቹ በላዩ ላይ አይወጣም።»

ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ሸራ ሲጋጠም አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። የላይኛው ሸራ ጫፍ በታችኛው ላይ ከወረደ ውኃው ስፌቱን አልፎ ይንሸራተታል። የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ከቆመ ግን ጠርዙ እንደ ኪስ ሆኖ ውኃ ይይዛል፤ ከኪሱ ሥር ደግሞ በመርፌ የተበሱ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በእኔ ድንኳን ጣሪያ ላይ ከአራቱ ስፌቶች ሁለቱ የተገለበጡ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሰም ስቀባ አንድ ቀን እንኳ ጣቴን በስፌቱ ላይ አላስኬድኩም።

ስለዚህ ድንኳኑን ተክለው በውጪ በኩል ጣትዎን ከላይ ወደ ታች ያስኪዱ። ጣትዎ ሳይደናቀፍ ከወረደ ስፌቱ ትክክል ነው። ጠርዝ ካገኘው የተገለበጠ ነውና በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። የተገለበጠውን አስፈትቶ በትክክለኛው አቅጣጫ ማሰፋት ከሁሉ ይሻላል። ሰፊው ጠርዞቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ሁለት መስመር እንዲመታበት ይንገሩት፤ መርፌው ቀጭን፣ ክሩ ጠንካራ ይሁን። በእጅ የሚሰፋ ከሆነ ጫማ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት ክሩን በሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎትቱት፤ የሰሙ ክር የራሱን ቀዳዳ እየደፈነ ይሄዳል። ማስፈታት የማይቻል ከሆነ ኪሱን በቀለጠ ሰም ሞልተው ከጨርቁ ጋር እኩል ያድርጉት። ይህ ለአንድ ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ መደገም አለበት።

አሁን ሰሙ። ለስፌት ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ሰም ነው የሚያስፈልገው። ድርቅ ያለውን ሰም ይዘው በስፌቱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በኃይል ይሹ፤ ክሩ እስከማይታይ፣ ቀዳዳዎቹ እስኪሞሉ ድረስ። ቀጥሎ ካውያ። የከሰል ካውያ በዚህ ሥራ ከኤሌክትሪኩ አያንስም፤ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁና በቁራጭ ሸራ ላይ ይሞክሩት። ሰሙ ጭስ ሳያወጣ በዝግታ ከቀለጠ ሙቀቱ ልክ ነው። ከጨሰ ይግላልና ያቀዝቅዙት። አንድ ስንዝር ያህል እየያዙ ካውያውን በዝግታ ያስኪዱ። ነጭ ሆኖ ከላይ የተቀመጠው ሰም ወደ ውስጥ ገብቶ ሸራው ሲጠቁር ያያሉ፤ ሰሙ ወደ ክሩ ልብ የገባው ያኔ ነው። ካልጠቆረ ሰሙ እላዩ ላይ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ሲታጠፍ ይረግፋል። በሁለተኛው ዓመት የእኔ እንዲህ ነበር የረገፈው፤ መሽቶብኝ ስለቸኮልኩ ካውያውን እያሮጥኩ አሳልፌው ነበር።

ውጪውን ከጨረሱ ድንኳኑን ገልብጠው ያንኑ ስፌት ከውስጥ በኩል ይድገሙት። ሦስት ሸራ የሚገናኝበትን ጫፍ፣ የምሰሶው ራስ የሚያርፍበትን፣ የገመድ ማሰሪያዎቹ የተሰፉበትን ቦታ ሦስት ጊዜ ቢቀቡት አይበዛበትም። የእኔ ድንኳን ዛሬም ቀድሞ የሚረጥበው በገመድ ማሰሪያው በኩል ነው፤ ነፋስ እየጎተተ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ይህን ሁሉ የምለው ከቀጣዩ ሥራ በፊት መሠራት ስላለበት ነው። ለጨርቁ የሚቀባው ሰም የሚቀጥነው ቀለም በሚቀጠንበት በአኳራጅ ነው፤ የአኳራጅ ትነት ያለበት ሸራ ላይ የከሰል ካውያ ማሳረፍ እሳት መጥራት ነው።

ጨርቁን መቀባት

አንዱን ኪሎ ሰም ከትፈው በጣሳ ያድርጉና ጣሳውን የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ያስቀምጡት። ሰምን በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱ። የንብ ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በጅማ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የውኃው ሙቀት ከበቂ በላይ ነው።

ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ጣሳውን ከእሳቱ ቢያንስ አሥር እርምጃ ያርቁት፤ እሳቱንም ያጥፉ። ከዚያ 1 ሊትር አኳራጅ በቀስታ እያፈሰሱ በእንጨት ያማስሉ። በረንዳ ላይም ቢሆን አይሁን፣ ሜዳ ላይ ይሁን፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብዎ አይቁም። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል።

ብዙ ሰው የተልባ ዘይት ይጨምርበታል። በደረቅ አገር ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለጅማ ግን አልወደውም። ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፣ እስከዚያው ሻጋታ ይመገበዋል። ከዚያም የከፋ ነገር አለው፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ በራሱ እየጋለ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ዘይቱን እጠቀማለሁ የሚል ሰው የቀባበትን ጨርቅ ውኃ ውስጥ ይንከር ወይም ሜዳ ላይ ዘርግቶ ያድርቀው።

ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ወጥረው ይትከሉ። ሸራው ሲሞቅ ሰሙን ራሱ ይስበዋል። በብሩሽ ወይም በጨርቅ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጪ ብቻ፣ ስስ አድርገው ይቀቡ። በማግስቱ ስስ አድርገው ይድገሙ። አንድ ጊዜ ወፍራም መቀባት ሥራ የሚያሳጥር ይመስላል፤ የሚያመጣው ግን የሚጣበቅና የሚከብድ ድንኳን ነው። የመስኮቱን መረብ እንዳይነኩት፤ ያ መረብ ትንፋሽ የሚወጣበት ነው፣ ግልገል ጊቤ ዳር ደግሞ የወባ ትንኝ የሚከለክል ነው።

የአኳራጁ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ እንደተተከለ ይቆይ፤ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት።

መፈተሽ

ሲመሽ ውስጡ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ያብሩና ከውጪ ዙሩት። ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ እንደ ኮከብ ይታያል። ምልክት ያድርጉ፣ ንጹሕ ሰም ይሹበትና መዳፍዎን አጥብቀው ያሙቁት። ጠዋት በአትክልት ማጠጫ ሩብ ሰዓት ያህል ውኃ ያውርዱበት፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ስፌቶቹን ይጠብቅ። በባልዲ መድፋት ፈተና አይደለም፤ ዝናብ ቀዳዳ የሚያገኘው ቆይቶ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ንጋት ላይ የውስጡ ግድግዳ ረጥቦ ካገኙት አይደንግጡ፣ በቶሎም ሰም አይጨምሩ። ሰም የጠጣ ሸራ የሰውን ትንፋሽ አያሳልፍም፤ ትንፋሹ በቀዘቀዘው ሸራ ላይ ውኃ ይሆናል። ላብ በሁሉም በኩል እኩል ያረጥባል፣ ፍሳሽ ግን ከአንድ ነጥብ ጀምሮ መስመር እየሠራ ይወርዳል። መድኃኒቱ መስኮቱን በትንሹ ከፍቶ መተኛት ነው። ከድንኳኑ ላይ ላስቲክ የሚደርቡ ሰዎችን የሚያስቸግራቸውም ይኸው ላብ ነው።

ብርዱ ሲጠና ምድጃ ወደ ውስጥ ማስገባት ያምራል። እባክዎ አያስገቡ። ጭስ የማይታይበት የጋለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ሰም የተቀባ ሸራ ደግሞ አየር የማሳለፍ አቅሙ ያነሰ፣ ለእሳትም የቀረበ ነው። ጋቢ ይጨምሩ።

ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ጠርዝ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ይሁን፤ ከወጣ ከግድግዳው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ከሥርዎ ያስገባዋል። በክረምት ሐይቁ ስለሚሞላ ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብለው ይትከሉ።

ሲመለሱ እርጥብ ድንኳን ጠቅልሎ ማሳደር የግድ ከሆነ ለአንድ ሌሊት ብቻ ይሁን፤ በማግስቱ ዘርግተው ያድርቁት። የተረፈውን ሰም በጨርቅ ጠቅልለው ከመንጠቆው ጋር ይያዙት። ሌሊት አንድ ቀዳዳ መንጠባጠብ ሲጀምር የውስጡን ስፌት በጨርቅ አድርቀው ሰሙን በጣትዎ አሙቀው ይድፈኑት፤ እስኪነጋ ይይዛል።