የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞችን እንዴት መርጦ፣ በምን ቅደም ተከተል ማየት ይቻላል

በእኛ ዘንድ በሥዕል የተሠራ ፊልም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ልጆች እንዳይረብሹ ቴሌቪዥን ላይ የሚከፈተውን ካርቱን ነው። ጃፓኖች ግን በዚህ የፊልም ዓይነት ስለ ጦርነት፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ መጀመሪያ ፍቅርና ስለ ደን ጭፍጨፋ ለአዋቂ ተመልካች ጭምር መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ፊልሞቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሳይመርጥ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ምሽት ለእሱ የማይሆን ፊልም ይገጥመውና ሌሎቹንም ሳያያቸው ይተዋቸዋል። ይህ ጽሑፍ ለጀማሪ ተመልካች የተዘጋጀ ነው። በፍለጋ በቀላሉ እንዲገኙ ፊልሞቹን በዓለም አቀፍ መጠሪያቸው ጠርቻቸዋለሁ፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከማን ጋር እንደሚያዩ አስቀድመው ይወስኑ

የሥዕሉ ውበትና የገጸ ባሕርያቱ ልጅነት ፊልሙ ለማን እንደተሠራ አይናገሩም። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ሚያዝያ 1988 ጃፓን ውስጥ የሆነው ነው። የፊልም አዘጋጆቹ ሃያኦ ሚያዛኪና ኢሳኦ ታካሃታ ከቶሺዮ ሱዙኪ ጋር በ1985 የመሠረቱት የፊልም ድርጅት፣ ስቱዲዮ ጂብሊ፣ ሁለት ፊልሞችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ትኬት ለሕዝብ አቀረበ። አንደኛው የሚያዛኪ «ማይ ኔይበር ቶቶሮ» ሲሆን የአራት ዓመት ልጅ ያለ ስጋት የሚያየው ነው። ሌላው የታካሃታ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» ነው፤ በእሱም ውስጥ ሁለት ሕፃናት በጦርነት መካከል በረሃብ ሲያልቁ እናያለን። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ፖስተራቸው ብቻ የትኛው ለልጅ እንደሚሆን በቂ ፍንጭ አይሰጥም። ስለዚህ ልጆች አብረው የሚያዩ ከሆነ የዕድሜ ገደቡን ያንብቡ፤ ከተቻለም ፊልሙን አስቀድመው ብቻዎን ይዩት።

2. በ«ማይ ኔይበር ቶቶሮ» ይጀምሩ

ብዙ ሰዎች ለጀማሪ የሚመክሩት በ1988 የወጣውን የካትሱሂሮ ኦቶሞን «አኪራ» ነው። በእኔ እምነት ይህ ምክር ትክክል አይደለም። «አኪራ» ትልቅ ሥራ ቢሆንም ጭካኔ የበዛበትና ታሪኩ የተወሳሰበ ስለሆነ፣ ገና ዓይኑ ላልለመደ ተመልካች ይከብደዋል። «ቶቶሮ» ግን 86 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ክፉ ሰው የለበትም፤ ጠብም የለበትም። እናታቸው ሆስፒታል የተኛችባቸው ሁለት እኅትማማቾች ከአባታቸው ጋር ገጠር ገብተው በግቢያቸው አጠገብ ባለው ትልቅ ዛፍ ሥር የሚኖረውን ፍጡር ያገኙታል፤ ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ዝናብ የሚዘንብበትን የፌርማታ ትዕይንት በጥሞና ይመልከቱ። ታላቅየዋ ሳትሱኪ እንቅልፍ የጣላትን ታናሿን አዝላ፣ የአባቷን ጃንጥላ ይዛ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አይከሰትም፤ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። ከዚያ ቶቶሮ በራሱ ላይ ቅጠል ደፍቶ ከጎኗ ይቆማል። ጃንጥላውን ስትሰጠው፣ ከዛፉ የሚወርዱት ጠብታዎች ጨርቁን ሲመቱ የሚያሰሙት ድምፅ ደስ ያሰኘውና፣ ከዛፉ ላይ ያለው ውኃ በሙሉ እንዲረግፍለት ዘሎ መሬቱን ያናውጠዋል። ሌላ ፊልም ቢሆን ይህን ትዕይንት በግማሽ ደቂቃ ያልፈው ነበር። ሚያዛኪ ግን መጠበቁን ራሱን እንድናየው ያደርገናል። ይህን ትዕግሥት የወደደ ሰው ከዚህ በኋላ የሚመጡትን አብዛኞቹን ፊልሞች ይወዳቸዋል፤ የሰለቸው ደግሞ ቁጥር 6 ላይ ከጠቀስኳቸው ቢጀምር ይሻለዋል።

3. ፊልም የማየት ልማድዎን ያስተካክሉ

የምንጩን ድምፅ፣ ማለትም ጃፓንኛውን፣ ከሰብታይትል (ከሥር ከሚጻፈው ትርጉም) ጋር መርጦ ማየት ይመረጣል፤ የተዋንያኑ ትንፋሽና ማመንታት በትርጉም ድምፅ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝምና። ማንበብ ላልቻሉ ሕፃናት ግን የእንግሊዝኛውን ድምፅ መክፈት፣ ወይም አጠገባቸው ተቀምጦ ዋና ዋናውን በአማርኛ እየነገሩ ማሳየት ምንም ነውር የለበትም።

ፍጥነት ጨምሮ ማየትን ግን ፈጽሞ አልመክርም። ዝምታው የሥራው አካል ነው። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ሲጀምርም አይዝጉት፤ በ«ቶቶሮ» ላይ ቤተሰቡ ኋላ ምን እንደገጠመው የምናየው ከስም ዝርዝሩ ጋር በሚያልፉት ሥዕሎች ነው። ብዙ የማሳያ መተግበሪያዎች ወደ ቀጣዩ ፊልም በራሳቸው ስለሚዘልሉ ይህን ቅንብር አስቀድመው ያጥፉት።

የት እንደሚገኙም ላንሣ። የጂብሊ ፊልሞች ከ2020 ጀምሮ በአብዛኛው ዓለም በኔትፍሊክስ ላይ አሉ፤ አሜሪካ ያሉ ግን በኤችቢኦ ማክስ በኩል ነው የሚያገኟቸው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚኖሩ በዋይፋይ አስቀድመው አውርደው ቢያዩ ይሻላል።

4. ቀጥሎ «ስፒሪትድ አዌይ»ን ይዩ

ይህ የ2001 የሚያዛኪ ፊልም በ2002 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ ከሌላ ፊልም ጋር ተጋርቷል፤ በ2003 ደግሞ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የዐሥር ዓመቷ ቺሂሮ ወላጆቿ ያልተፈቀደላቸውን ምግብ በልተው ወደ አሳማነት ሲለወጡባት፣ እነሱን ለማስመለስ በመናፍስት መታጠቢያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሥራው ወለል መወልወልና ገንዳ መፈተግ ነው፤ ልጅቱም የምትጠነክረው በዚህ ሥራ ውስጥ ነው እንጂ በተአምራዊ ኃይል አይደለም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ሐዲዱ በውኃ በተሸፈነ ባቡር የምትሄድበት ክፍል አለ። ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ የጆ ሂሳይሺ ሙዚቃ፣ ጥላ የመሰሉ ተሳፋሪዎችና የሚመሽ ሰማይ ብቻ ናቸው ያሉት። «ቶቶሮ»ን በትዕግሥት ያየ ሰው ይህ ክፍል ለምን ብዙዎችን እንደሚያስለቅስ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

5. የጦርነት ፊልሞቹን በተለየ ቀን ይዩ

«ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» የተሠራው አኪዩኪ ኖሳካ ከራሱ ሕይወት ቀድቶ በ1967 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። ታካሃታ ራሱም በዘጠኝ ዓመቱ በኦካያማ ከተማ ላይ ከወረደው የአየር ድብደባ የተረፈ ሰው ነበር። ፊልሙ የኮቤ ከተማ በተቀጣጣይ ቦምብ ስትጋይ እናታቸውን ያጡ ወንድምና እኅት ታሪክ ነው። ወንድምየው ሴይታ የከረሜላው ጣሳ ባዶ ሲሆን ውኃ ጨምሮበት፣ በጥብጦ፣ ጣዕሙ የቀረበትን ውኃ ለትንሿ እኅቱ ያጠጣታል። ማንም እንዲያለቅስ አይጠየቅም፤ ካሜራው ልጅቷ ስትጠጣ ያሳያል፣ በቃ።

ጦርነትን፣ መፈናቀልን ወይም ረሃብን በዓይናቸው ያዩ አንባቢዎች ይህን ፊልም ለማየት ጊዜያቸውን በጥንቃቄ እንዲመርጡ እለምናለሁ። ብቻዎን አይዩት፤ ሌሊት ላይም አይዩት። ለልጆች ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ከዚህ ለዘብ ያለውን የሚሻ ሰው የሱናኦ ካታቡቺን «ኢን ዚስ ኮርነር ኦፍ ዘ ወርልድ» (2016) ይምረጥ። ሥዕል መሣል የምትወድ የሂሮሺማ ልጅ የባሕር ኃይል ወደብ ወደሆነችው ወደ ኩሬ ከተማ ተድራ፣ ራሽኑ እያነሰ ሲሄድ ከሜዳ በለቀመችው ቅጠል ወጥ እያበረከተች ቤተሰብ ታቆያለች። ሂሮሺማ በአቶሚክ ቦምብ የተመታችበት ነሐሴ 1945 እየቀረበ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ እሷ አታውቅም።

6. ከጂብሊ ውጭ ይውጡ

እዚህ ላይ በቅድሚያ የምጠራው ሳቶሺ ኮንን ነው። በ2010፣ በ46 ዓመቱ ከማረፉ በፊት አራት ሙሉ ፊልሞችን ብቻ ሠርቷል። በ«ቶኪዮ ጎድፋዘርስ» (2003) ይጀምሩ፤ ሦስት ቤት አልባ ሰዎች በገና ዋዜማ ከቆሻሻ መካከል የተጣለ ሕፃን አግኝተው ወላጆቹን ሲፈልጉ ያሳያል። «ፐርፌክት ብሉ» (1997) ዘፈን ትታ ተዋናይ ስለሆነች ወጣት የተሠራ አስፈሪ ፊልም ሲሆን፣ ለአዋቂ ብቻ ነው።

ወጣቶች የማኮቶ ሺንካይን «ዩር ኔም» (2016) ቢያዩ አይቆጩም። በዚያው ዓመት የወጣው የናኦኮ ያማዳ «ኤ ሳይለንት ቮይስ» ደግሞ መስማት የተሳናትን የክፍል ጓደኛውን ሲያሠቃይ ኖሮ በኋላ ይቅርታዋን ስለሚፈልግ ልጅ ነው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ስለሚነሣበት ወላጅና ልጅ አብረው አይተው ቢነጋገሩበት መልካም ነው።

7. ከዚህ በኋላ በአዘጋጁ ስም ይምረጡ

የማሳያ መተግበሪያዎች ከሚያቀርቧቸው ዝርዝሮች ይልቅ የተሻለው መሪ የአዘጋጁ ስም ነው። «ቶቶሮ»ን የወደደ የሚያዛኪን «ኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ» (1989) ይቀጥል። «ስፒሪትድ አዌይ» የማረከው ወደ «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» (1997) ይሂድ፤ በደንና በብረት ማቅለጫ ሠራተኞች መካከል ስለሚደረግ ፍልሚያ ነው፤ እጅና ራስ የሚቆረጥበት ትዕይንት ስላለው ግን ሕፃናት አይዩት።

የታካሃታን የመጨረሻ ፊልም «ዘ ቴል ኦፍ ዘ ፕሪንሰስ ካጉያ» (2013) ለኋላ ያቆዩት። በከሰልና በውኃ ቀለም የተነደፈ የሚመስል፣ ብዙ ቦታው ባዶ የተተወ ሥዕል ነው። ልዕልቲቱ ከድግሱ አዳራሽ ስትሸሽ መስመሩ ራሱ እየሻከረና እየተበጣጠሰ፣ ልብሷም ሰውነቷም ወደ ጭረት ይለወጣል። ይህ ቀጭን መስመር በስልክ ስክሪን ላይ ስለሚጠፋ ፊልሙን ቢያንስ በላፕቶፕ፣ ቢቻል በቴሌቪዥን ይዩት።