የድሮ የእንግሊዝ መኪና ቤት ውስጥ ስትጠግኑ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የኔዋ ኤምጂቢ ጂቲ ናት። የ1973 ሥሪት፣ አረንጓዴ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ስገዛት ሻጩ "ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የቀራት" አለኝ። ያቺን ትንሽ ሥራ በርሚንግሃም ውስጥ፣ ከቤቴ ጎን ባለች ጠባብ ጋራዥ፣ ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ እየሠራኋት ነው። መኪናዋ ላይ ካገኘሁት ብልሽት እርጅና ያመጣው ጥቂቱን ነው። የሚበዛውን ያመጣው ቸኩሎ የጠገናት ሰው ነው። ከነዚያ ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በምትባል ከተማ ስትሠራ ቆይታ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥታለች። ስለዚህ መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል። የምነግራችሁ በሷ የደረሰብኝን ነው። ሚኒ፣ ሞሪስ ማይነር፣ ትራያምፍ ወይም ላንድሮቨር ላላችሁም ብዙው ይሠራል።

ፈትቶ ማሰብ

መኪናዋን ባመጣሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ፊቷን በሙሉ ፈታሁት። ኮፈኑን፣ ራዲያተሩን፣ ፓራውልቱን፣ የፊት መብራቶቹን። ደስ ይላል እኮ! መፍታትን የመሰለ ነገር የለም። ቡሎኑንና ዳዶውን ሁሉ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩት፤ የማስታውሰው መስሎኝ። ከአምስት ወር በኋላ ከፍቼ ሳየው ምስር፣ ሽምብራና አተር ተደባልቆ የሚለቀም እህል ሆኖ ጠበቀኝ።

የእንግሊዞችን የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ብታነቡ "ያልተጠናቀቀ፣ ዕቃው በሙሉ አለ" የሚል አይጠፋም። በኛ ቋንቋ "ፈታሁት፣ መግጠም አቃተኝ" ማለት ነው።

ፍሬኗና መሪዋ ደህና ከሆኑ መኪናዋን አታቁሟት። እየነዳችሁ እወቋት። አንድ ሥራ ጀምራችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከሦስት አቅጣጫ ቢሆን ጥሩ ነው። ቡሎኑን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። ከዚህም የሚሻለው ቡሎኑን እዚያው የወጣበት ቀዳዳ ላይ መልሶ በእጅ ማሰር ነው።

የማይገጥም ቁልፍ

የኔ እጅ ያደገው አዲስ አበባ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ፊያትና ቶዮታ ላይ ነው። ስለዚህ ሳላስብ 13 ቁጥር አነሳለሁ። ኤምጂቢ ላይ ያለው የቡሎን ራስ ግን ግማሽ ኢንች ነው፤ 12.7 ሚሊሜትር። 13 ቁጥር ይገባል፣ ግን ይላላል። ልዩነቱ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የዛገ ቡሎን ላይ ኃይል ስትጨምሩበት ግን ጠርዙን ይልጠውና ድብልብል አድርጎት ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ መሮና መዶሻ ነው። በኢንች የሚለካ ቁልፍ ግዙ፤ በቃ።

ከ1950ዎቹ በፊት የተሠራ መኪና ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ዊትዎርዝ የሚባለው የድሮው የእንግሊዝ ልክ ይመጣል። የዊትዎርዝ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቡሎኑ ግንድ ውፍረት ነው፤ የራሱ ስፋት አይደለም። ስለዚህ ሩብ ኢንች የሚል የዊትዎርዝ ቁልፍ፣ ሩብ ኢንች ከሚል ሌላ ቁልፍ ጋር ዝምድና የለውም።

ከሁሉ የሚያስቀው ኤምጂ ቲሲ እና ቲዲ የሚባሉት ናቸው። ሞተራቸውን የሠራው የሞሪስ ፋብሪካ ኮቨንትሪ ውስጥ ቀድሞ የፈረንሳዩ የሆችኪስ ነበር። አዎ፣ ያው መድፍ ሠሪው ሆችኪስ፤ በአድዋ ዘመን ከኛ መድፎች መካከል የሱ ሥሪት ነበረበት። ማሽኖቹ በሜትሪክ የሚሠሩ ስለነበሩ የሞተሩ ቡሎን ጥርሱ ሜትሪክ፣ ራሱ ዊትዎርዝ ሆኖ ቀረ። ይህን የማያውቅ ሰው ጥርሱን በሌላ ቡሎን አበላሽቶ "ዕቃው ጥራት የለውም" ይላል።

ሁሉን ነገር በካርቡራተር ማሳበብ

ሞተሯ ስትነጫነጭ ሁሉም ሰው ወደ ካርቡራተሩ ይሮጣል። እኔም ሮጥኩ። ኤምጂቢ ሁለት ኤስዩ ካርቡራተር አላት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አንዱን ሳጠብቅ ሌላውን ሳላላ ከረምኩ። የቤንዚን ሽታው ሳሎን ድረስ ገባ፤ ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም። ችግሩ የነበረው ፑንቲናው ላይ ነው፤ ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ትንሽ ዕቃ። ክፍተቱ ጠቦ ተዘግቶ ነበር። የሚፈለገው 0.015 ኢንች ነው፤ ወደ 0.38 ሚሊሜትር። ባለ አምስት ደቂቃ ሥራ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ (እሱም እዚህች መኪና ላይ 0.015 ኢንች ነው)። ቀጥሎ ካንዴላ። ከዚያ ፑንቲና፣ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት)። ካርቡራተር መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ስትደርሱም ከሁሉ በፊት ክዳኑን ከላይ ፍቱና ዘይት እንዳለው እዩ። ኤስዩ ካርቡራተር ውስጥ ፒስተኑን የሚያረጋ ቀጭን ዘይት አለ። እሱ ካለቀ፣ ነዳጅ ስትሰጧት ትንተባተባለች። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ አዲስ ካርቡራተር ይገዛል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የድሮ ላንድሮቨር የምትነዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለእንግሊዝ ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላችሁ ሁሌ ጥቀርሻ ከያዘ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ዝገትን ማልበስ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ገንዘቤን የበላው ይህ ነው።

ኤምጂቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። የሚሸከማት አካሏ ራሱ ነው። በተለይ በሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀው፣ እንግሊዞች "ሲል" ብለው የሚጠሩት ሳጥን መሰል ላሜራ ነው። እሱ ውጭ፣ መሐልና ውስጥ ሆኖ በሦስት ላሜራ የተሠራ ነው። የሚዝገው ከውስጥ ነው። ከውጭ አምሮ ይታያል።

የኔዋን ከኔ በፊት የያዛት ሰው የዛገውን ሳይቆርጥ አዲስ ላሜራ ከላይ በየደበት። ስቱኮ ለቀለቀበት። ከሥር ጥቁር ቅጥራን ቀባው። ቀለም ሲያርፍበት ሙሽራ መሰለች። እኔም ማግኔት ይዤ መሄድ ሲገባኝ ገንዘብ ይዤ ሄድኩ። ማግኔት ስቱኮ ላይ አይያዝም፤ ሁለት ፓውንድ የማይሞላ ዕቃ ስንት ሺህ ያድናል!

ሌላም መፈተኛ አለ። መኪናዋን በክሪክ ከፍ አድርጋችሁ በሩን ክፈቱና ዝጉ። በሩ ከነካ ወይም ክፍተቱ ከተለወጠ ወገቧ ለቋል።

ጥገናው ላይ ደግሞ ትልቁ ስህተት ሁለቱንም ጎን ባንድ ጊዜ መቁረጥ ነው። ያኔ መኪናዋን የያዛት ነገር የለም፤ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች። ጎብጣ ከተበየደች በሯ ዕድሜ ልኳን አይዘጋም። ስለዚህ በደንብ ደልድላችሁ አስቀምጧት። የበሩን ክፍት በብረት ዘንግ ወጥሩት። አንዱን ጎን ጨርሱ፣ በሩን ገጥማችሁ ክፍተቱን እዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። እኔ ብየዳውን ራሴ አልሠራሁትም። ይችላል ለተባለ ሰው ሰጠሁና ሌላ ታሪክ ሆነ፤ ስሙን እንለፈው። ሲሠራ አጠገቡ ብቆም ኖሮ ሁለተኛ ባልከፈልኩ።

ዝገት ላይ ቅጥራን መቀባት ውሃውን ከነዝገቱ ማሸግ ነው። ፍቁት፣ እስከ ጤናማው ብረት ድረስ። ክፍት በሆነው የሳጥኑ ሆድ ውስጥ ሰም መሰሉን መከላከያ ርጩበት። በየሁለት ዓመቱ ድገሙት። አካሏ ጨርሶ ካለቀ ደግሞ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባል ድርጅት ከ1988 ጀምሮ አዲስ የኤምጂቢ አካል እየሠራ ይሸጣል። ዋጋውን ሳትጠይቁ በፊት ቁጭ በሉ።

ላንድሮቨር አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም የሚል ሰው ከገጠማችሁ ሻንሲውን አሳዩት። እሱ ብረት ነው። አሉሚኒየሙም ከብረቱ ጋር በተገናኘበት ቦታ ሁሉ እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል።

ኤሌክትሪኩን መርገም

የነዚህ መኪኖች ኤሌክትሪክ የሚበዛው የሉካስ ሥሪት ነው። እንግሊዞች ሉካስን "የጨለማው ልዑል" እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ፍርዱ ግን ልክ አይመስለኝም። እኔ ካገኘኋቸው የመብራት ችግሮች አብዛኞቹ የማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት ግንኙነት፣ ችግሮች ነበሩ። ማሳው የታሰረበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉት፤ ግማሹ ጣጣ ይጠፋል። ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ቢርገበገብ ማሳው ነው።

የፊውዙን ነገር ግን አደራ። የሉካስ ፊውዝ ላይ "35" ሲል የሚቃጠልበትን ልክ ነው የሚናገረው፤ ዘወትር የሚሸከመው 17 አምፒር ነው። ዘመናዊ ባለ 35 ፊውዝ ብትከቱበት ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው ይቃጠላል።

እስከ 1967 የተሠራች ኤምጂቢ ካለቻችሁ ደግሞ ማሳው ፖዚቲቭ ነው። ልማድ ሆኖባችሁ ባትሪውን አገላብጣችሁ እንዳታስሩት።

ዘይት ሁሉ አንድ ነው ማለት

ለኤምጂቢ ሞተር 20ደብሊው-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ይዛችሁ ቅሩ። ለዘመናዊ ሞተር የተሠራው ቀጭን ዘይት ውድ ስለሆነ ይሻላል ማለት አይደለም። ሚኒ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ነው የሚጠጡት፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

ትራያምፍ ሄራልድ ወይም ስፒትፋየር ያላችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። የፊት ጎማውን ከታች የሚይዘው ትራኒየን የሚባለው ዕቃ ግራሶ አይፈልግም፤ ኢፒ 90 የካምቢዮ ዘይት ነው የሚፈልገው። ግራሶ ስትወጉበት ይደርቅና መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ አንድ ቀን ስትታጠፉ ጎማው ሥራችሁ ይተኛል። የኤምጂቢው በተቃራኒው ግራሶ ይፈልጋል፣ ያውም ጎማው ከመሬት ተነስቶ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ያደረገውን ሳይሆን የመኪናችሁን መመሪያ ተከተሉ።

የፍሬን ዘይት ቦታ ላይ የሞተር ዘይት ጠብ እንዳይል። ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ፍሬን አልባ ያደርጋችኋል። የፍሬን ዘይቱን ራሱንም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት፤ ከአየር ውሃ ይስባል። ብሪታንያ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከመስከረም 2021 ወዲህ ተራው ቤንዚን ኢ10 (እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል የሚባል አልኮል ያለበት) መሆኑን አትርሱ። ኤታኖሉ የድሮውን የነዳጅ ጎማ ቱቦ ይበላል። ቱቦውን ኤታኖል በሚችል ለውጡ፣ ወይም ኢ5 የሆነውን ውዱን ቤንዚን ቅዱ።

አዲስ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል ማለት

ከፑንቲናው ጋር የሚሠራውን ኮንደንሰር ገዝቼ ገጠምኩ። በ80 ኪሎ ሜትር ሞተ። ሁለተኛ ገዛሁ፤ እሱም ሞተ። የጣልኩትን የድሮውን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ መለስኩት። ዛሬም ይሠራል። የሚሠራ ዕቃ አትጣሉ። የለወጣችሁትንም አስቀምጡት።

ክሪክ ብቻ አምኖ መተኛት

ይህ ላይ ቀልድ የለም። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ የሚሸከመው የብረት እግር ነው። እግሩን ሳታስገቡ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ከምርመራ ነፃ ናት ብሎ መተው

ብሪታንያ ውስጥ ከግንቦት 2018 ጀምሮ፣ 40 ዓመት ያለፋትና ብዙ ያልተለወጠች መኪና ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ግዴታ የለባትም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ምሥራች ይቀበለዋል። ሕጉ ግን ለመንገድ ብቁ ትሁን ማለቱን አልተወም፤ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። ፈልጎ ማስመርመርም ይቻላል።

እኔ ባለፈው ዓመት ወሰድኳት። ሰባት ዓመት ሥሯ የተኛሁባት መኪና፣ እያንዳንዱን ቡሎን አውቀዋለሁ እያልኩ። መርማሪው በባትሪ መብራት አንዴ ከሥር አያትና ጠራኝ። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ከነዳጅ ታንከሩ በላይ የሚያልፈው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ሊበሳ ደርሷል። በጣቱ ሲነካው እርጥብ ነበር።