አምስት ሰው፣ አንድ ሰርቨር፦ ሶፍትፎንን በሪሞት ዴስክቶፕ እንዴት እናሠራለን?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ቢሮ አምስት ሠራተኞች በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያለን ኮምፒውተር ከራስ ጠረጴዛ ሆኖ በሚያሠራ ፕሮግራም ገብተው አንድ ሰርቨር ላይ ይውላሉ። ሶፍትፎን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ስልክ ጫንኩላቸው። መጀመሪያ የገባችው ልጅ ስልክ ሠራ። የሌሎቹ ጭጭ አለ። በዚያ ብርድ ግማሽ ቀን ገመድ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ። ገመዱ ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስቱም አንድ ሰርቨር ላይ ስላሉ የአይፒ አድራሻቸው አንድ ነው። ሶፍትፎኖች ጥሪ የሚያገናኙበት ሲፕ የሚባለው ቋንቋ የተለመደ ፖርቱ (ፕሮግራሙ መልእክት የሚቀበልበት ባለቁጥር በር) ደግሞ 5060 ነው። አንዱ ከያዘው ለሌላው ቦታ የለም።

መጀመሪያ ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሶፍትፎኑ የግድ ሰርቨሩ ላይ መሆን አለበት? የጠረጴዛው ኮምፒውተር ከቻለው እዚያው ጫኑትና ተገላገሉ። ድምፁም ሰርቨሩን ሳይዞር በቀጥታ ይሄዳል። ካልሆነ እንቀጥል።

1. ሰርቨሩን ኢንስቶል ሞድ (ፕሮግራም ለብዙ ተጠቃሚ የሚጫንበት ሁኔታ) ውስጥ አስገብታችሁ ጫኑ፤ ስትጨርሱ ወደ ኤክስኪዩት ሞድ፣ ማለትም ወደ መደበኛው ሥራው መልሱት። ከዚያ በሁለት ሰው ስም ገብታችሁ እዩ። ሁለቱም ጋ አንድ አካውንት ከመጣ ፕሮግራሙ ሴቲንጉን ለሁሉም በጋራ ነው የሚያስቀምጠው። ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

2. ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ፖርት ስጡ፦ 5061፣ 5062 እያላችሁ። ለድምፁም እንዲሁ፤ ለአንዱ ከ10000 እስከ 10019፣ ለቀጣዩ ከ10020 እስከ 10039። የምትቀይሩት የሶፍትፎኑን የራሱን ፖርት ነው። የፒቢኤክሱን፣ ማለትም የቢሮውን ጥሪዎች የሚያገናኘውን ማዕከል ፖርት አትንኩ።

3. ጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር የሪሞት ዴስክቶፕ መስኮት ውስጥ የድምፅ ሴቲንጉን ክፈቱ። ድምፁ እዚሁ እንዲሰማ፣ ማይኩም ከዚሁ እንዲቀዳ ምረጡ። መቅዳቱ ሲጀመር ዝግ ነው፤ «እኔ እሰማለሁ፣ እነሱ ግን አይሰሙኝም» የሚባለው ጣጣ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሰርቨሩ ላይም በግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ የፈቃድና የክልከላ ሴቲንግ) ድምፅ መቅዳትን ፍቀዱ።

4. ኔትወርኩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድምፅን ለመላክ የሚያዘጋጀው ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ጂ 711 የሚባለው ኮዴክ ለአንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ጂ 729 ወደ 31 ያወርደዋል። ሰርቨራችሁ አዲስ አበባ፣ እናንተ 130 ኪሎሜትር ርቃችሁ ደብረ ብርሃን ብትሆኑ ግን ኮዴክ መቀየር የእናንተን መስመር አያቀልም። ኮዴኩ የሚሠራው በሰርቨሩና በፒቢኤክሱ መሃል ነው። ከእናንተ እስከ ሰርቨሩ ድምፁን የሚሸከመው ራሱ ሪሞት ዴስክቶፑ ነው። ስለዚህ በሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት፣ በ3389 ላይ ዩዲፒንም (የጠፋ ዳታ ሳይጠብቅ የሚልከውን መንገድ) ክፈቱ። መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ሲያልፍ ሰው ቃል መነጣጠቅ ይጀምራል።

5. ስትሞክሩ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይደውል። አንድ ስልክ ብቻውን ሁሌም ይሠራል፤ እኔንም የሸወደኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ከቢሮው ልጆች አንዷ ዓርብ ማታ መስኮቱን በኤክስ ብቻ ዘግታ ጣርማበርን ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደች። ሶፍትፎኗ ግን ሰርቨሩ ላይ ክፍት ነው። ቅዳሜ ደንበኛ ይደውላል፣ ይጠራል፣ የሚሰማው የለም። ሎግ ኦፍ ማድረግን አስለምዷቸው። ለሚረሳ ደግሞ የተቋረጠ ሴሽን (መስኮቱ ተዘግቶ ሰርቨሩ ላይ ክፍት የቀረ ሥራ) ከ30 ደቂቃ በኋላ ራሱ እንዲዘጋ ሰርቨሩ ላይ አስተካክሉ።