በአተርና በጭቃ የሕዋስን ተቀባይ ማስተማር

ባዮሎጂ የማስተምረው ሐዋሳ ነው። የእድገት ፋክተሮችን፣ ማለትም ሕዋስ እንዲያድግ መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖችን፣ ትምህርት በጀመርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ አንድ ሐሳብ ይይዙና አይለቁም፤ መልእክቱ በበዛ መጠን ሕዋሱም አብልጦ ያድጋል ይላሉ። ይህን ለማረም ሰሌዳ ላይ ስንት ቀስት ሥያለሁ! መፍትሔው የመጣልኝ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ በሄድኩበት ጠዋት ነው። ጀልባዎቹ ቆሮሶ ሞልተው ገብተዋል፤ እኔ የያዝኩት ግን አንዲት ትንሽ ሳህን ነበረች። ሐይቁ ሙሉ ቢሆን እንኳ ወደ ቤቴ የሚገባው ሳህኔ የቻለውን ያህል ብቻ ነው። የሕዋሱ ሳህን ደግሞ ተቀባዩ፣ ማለትም ገጹ ላይ ሆኖ መልእክቱን የሚይዘው ፕሮቲን ነው።

ሁለት ትሪ፣ ለሸክላ የሚሆን ጭቃ፣ ሁለት ኩባያ ያልተከካ ደረቅ አተርና አንድ እስክሪብቶ አዘጋጁ። ጭቃውን ትሪው ላይ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት አድርጋችሁ ደልድሉት። ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ጥላ ሥር አቆዩትና አመድ ነስንሱበት። መጀመሪያ በሞከርኩበት ቀን ይህን አላደረግሁም ነበር፤ አተሩ ሁሉ በየቦታው ተጣብቆ ክፍለ ጊዜው ባከነ። የሐዋሳ ፀሐይ ደግሞ ቶሎ ያደርቀዋልና እርጥብ ጨርቅ አይለያችሁ።

ጭቃው የሕዋሱ ገጽ ነው፤ አተሩ ኢጂኤፍ የተባለው የእድገት ፋክተር ነው። ስታንሊ ኮኸንና ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት በእንዲህ ዓይነት ፕሮቲኖች ግኝት ነው። ተቀባዮቹን በእስክሪብቶው ጀርባ ጭቃውን እየወጋችሁ ሥሩ፤ አንዱ ትሪ ላይ 4፣ ሌላው ላይ 40 ጉድጓድ ይኑር። በእያንዳንዱ ላይ 60 አተር በትናችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ፤ የተረፈውን አዘንብላችሁ አራግፉ። አሁን ቁጠሩ፤ ነገር ግን ነጠላውን አትቁጠሩ። ኢጂኤፍ የያዘ ተቀባይ ከጎረቤቱ ጋር ሲጣመር ነው ወደ ውስጥ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው። ስለዚህ የሚቆጠረው ጎን ለጎን የሞሉ ሁለት ጉድጓዶች ናቸው።

ባለ 4ቱ ትሪ ሲያንስ አንድ ተማሪ «መምህርት፣ አተር እንጨምርበት» አለኝ። ኩባያውን ሰጠሁትና እንዳለ ገለበጠው። ሲያራግፍ የቀረው ያው 4 አተር ነበር። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ራሳቸው እስኪናገሩት ጠብቁ።

ቀጥሎ የምወደው ክፍል ይመጣል። የሞሉትን ጉድጓዶች አተሩን እንደያዙ በጣት ወደ ታች ተጭናችሁ ጭቃውን ከላይ ድፈኑት። እውነተኛው ሕዋስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኢጂኤፍ የያዘውን ተቀባይ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ውስጡ ይውጠዋል፤ ከፊሉን ወደ ገጹ ይመልሳል፣ ብዙውን ሊሶሶም በተባለው የሕዋሱ መፍጫ ክፍል ውስጥ ይፈጨዋል። እንደገና አተር በትኑ። የሚያርፍበት ጠፍቶ ይንከባለላል። ከጥቂት ጊዜ በፊት 40 ተቀባይ የነበረው ትሪ ደንቁሯል ማለት ነው! አዲስ ጉድጓድ ስትወጉለት መስማት ይጀምራል። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ኢጂኤፍ ከመጨመራቸው በፊት ሕዋሳቱን የደም ፈሳሽ ክፍል ከሆነው ሴረም ለይተው የሚያቆዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሴረሙ ራሱ የእድገት ፋክተር ስላለበት ነው።

ሄር-2 የተባለውን ሌላ ተቀባይ ለማሳየት ጥቂት ጠጠሮች ጭቃው ላይ ትከሉ። ይህ ተቀባይ የራሱ አተር የለውም፤ ዘወትር ለመጣመር ዝግጁ ነው። ጠጠሩን ስታበዙ አተር ሳይጨመር ጥንዶች ይበዛሉ። ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ሄር-2 ከመጠን በላይ ይገኛል። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትራስቱዙማብም ይህንኑ ተቀባይ የሚይዝ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ተማሪዎቻችሁ «ተቀባይ በበዛ ቁጥር እድገት ይበዛል» ብለው እንዳይሄዱ አደራ። ኤ-431 የሚባሉት የካንሰር ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ የኢጂኤፍ ተቀባይ አላቸው፤ ኢጂኤፍ በብዛት ሲሰጣቸው ግን እድገታቸው ይገታል።

በመጨረሻ ምንም ያልተወጋ ጭቃ አቅርቡ። አተሩ ጠርዙ ላይ ይከማቻል፤ አንድም አይቀመጥም። ያኔ በዘር ስለሚተላለፈው ስለ ላሮን ሲንድረም እነግራቸዋለሁ። የእድገት ሆርሞኑ በልጁ ደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ ተቀባዩ ስለማይሠራ ቁመቱ እጅግ አጭር ሆኖ ይቀራል። ሐኪሞች ሆርሞኑን አይጨምሩለትም፤ በሆርሞኑ ትእዛዝ መመረት የነበረበትን አይጂኤፍ-1 የተባለ የእድገት ፋክተር ራሱን ይሰጡታል። ልጁን መርዳት የሚቻለው ከጎደለው ተቀባይ ወዲያ ተሻግሮ ነው፤ ይህን ስናገር ክፍሉ ዝም ይላል።

አተሩን እጠቡና አድርቃችሁ በጠርሙስ አኑሩት፤ ለወጥ ግን አይሁን። ጭቃውን አቡክታችሁ በፌስታል ከጠቀለላችሁት ለሚቀጥለው ክፍል ይደርሳል።