የሕክምና ወረቀትን ከቃሉ መጨረሻ ጀምሮ ማንበብ

በጥቁር አንበሳም ሆነ በዘውዲቱ ወይም በራስ ደስታ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀትና የአልትራሳውንድ ውጤት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቃላቱ ግን በአብዛኛው ከግሪክና ከላቲን የመጡ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የተሠሩ ናቸው። ሲያነቡ ከመጨረሻው ይጀምሩ። ነገሩ በሽታ፣ ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና መሆኑን የሚለየው እሱ ነው። አካሉን የሚነግርዎት የቃሉ መጀመሪያ ነው፦ ጋስትሮ ጨጓራ፣ ሄፓቶ ጉበት፣ ኔፍሮ ኩላሊት፣ ካርዲዮ ልብ፣ አርትሮ መገጣጠሚያ።

«ኮሌሲስቴክቶሚ»ን እንውሰድ። መጨረሻው ኤክቶሚ ነው፤ ቆርጦ ማውጣት። ኮሌ ሐሞት፣ ሲስት ከረጢት። ስለዚህ የሐሞት ከረጢትን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ማለት ነው። በዚያው ወረቀት ላይ «ኮሌሊቲያሲስ» ካለ ምክንያቱም ተጽፎልዎታል፤ ሊቲያሲስ ጠጠር ነው፣ የሐሞት ጠጠር። ኔፍሮሊቲያሲስ ደግሞ የኩላሊት ጠጠር መሆኑን አሁን ራስዎ ያውቁታል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምዎት አይተስ ነው፤ መቆጣት ማለት ነው። ጋስትራይተስ የጨጓራ፣ ሄፓታይተስ የጉበት፣ አፔንዲሳይተስ የትርፍ አንጀት መቆጣት ነው። ማጅራት ገትር የምንለውም ሜኒንጃይተስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ አይተስ ሲያይ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ፋርማሲ ገብቶ አንቲባዮቲክ ይጠይቃል። መቆጣት ግን መንስኤው ብዙ ነው። ጋስትራይተስ በባክቴሪያም፣ ማስታገሻ ክኒን በማዘውተርም ይመጣል። ሄፓታይተስ ቢን የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ቃሉ የተቆጣውን አካል ይነግርዎታል እንጂ ምን እንዳስቆጣው አይናገርም፤ ሐኪሙን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ቅጽ ላይ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት መጨረሻዎችን ይለዩ።
ኦቶሚ፦ መክፈት። ላፓሮቶሚ ሆድን መክፈት ነው።
ኤክቶሚ፦ ማውጣት።
ኦስቶሚ፦ ቀዳዳ ማበጀት። ኮሎስቶሚ ትልቁን አንጀት በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ መክፈት ነው፤ ሰገራው ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይሰበሰባል።
ኮሌክቶሚ ከሆነ ግን ትልቁ አንጀት በከፊል ወይም በሙሉ ይወጣል ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ሊሠሩም ይችላሉ። ኦስቶሚ የሚል ካዩ «ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቤተሰቡ የሚዘጋጀው በመልሱ መሠረት ነው።

ኦማ የሚለው ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ በአብዛኛው እብጠት ማለት ነውና። ሊፖማ ከስብ የሚሠራ፣ ማዮማ ከማሕፀን ጡንቻ የሚያድግ እብጠት ነው፤ ሁለቱም ካንሰር አይደሉም። ካርሲኖማ፣ ሳርኮማ፣ ሊምፎማና ሜላኖማ ግን ካንሰር ናቸው፤ እነዚህን አራቱን በቃል መያዝ ይበጃል። ግላኮማና ትራኮማ የዓይን በሽታዎች ናቸው፣ ሄማቶማም የተጠራቀመ ደም እንጂ ዕጢ አይደለም።

በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ኤሚያ ደምን፣ ኡሪያ ሽንትን ያመለክታል። ሄማቱሪያ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ፕሮቲኑሪያ ፕሮቲን ያለበት ሽንት ነው። ከኤሚያ ጋር ግን የቃሉን መጀመሪያ በጣም ያስተውሉ። ሃይፐርግላይሴሚያ በደም ውስጥ የስኳር መብዛት፣ ሃይፖግላይሴሚያ ማነሱ ነው፤ በእጅ ጽሑፍ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ስኳሩ ላነሰበት ሰው ኢንሱሊን መጨመር ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ ጽሑፉ ካልጠራዎት ቁጥሩን ይጠይቁ። በዲሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ ነው።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ሜጋሊ መተለቅ ነው፤ ስፕሌኖሜጋሊ የጣፊያ መተለቅ። ፔኒያ ማነስ፣ አልጂያ ሕመም፣ ፓቲ የአካሉ መጎዳት። ስኮፒ በመሣሪያ ወደ ውስጥ ማየት ስለሆነ ጋስትሮስኮፒ ከታዘዘልዎት ለስንት ሰዓት ምግብና ውሃ እንደማይወስዱ አስቀድመው ይጠይቁ። ሆድዎ ባዶ ካልሆነ ምርመራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ቃሉን ለዘመድ ወይም ለሌላ ሐኪም በስልክ በቃል አያስተላልፉ፤ ኦቶሚና ኦስቶሚ ለጆሮ አንድ ይመስላሉ። ወረቀቱን በብርሃን ቦታ አስተኝተው ቀኑና ማኅተሙ እንዲታይ አድርገው ፎቶ አንስተው ይላኩ።