ሕፃን ፎቶ ቤት የሚወሰደው በስንት ወሩ ነው?

አንድ ጊዜ ብቻ ለማስነሳት አቅሙ ካላችሁ፣ ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከቻለ በኋላ፣ መዳህ ሳይጀምር አስነሱት። አብዛኞቹ ሕፃናት እዚህ የሚደርሱት ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ነው። ቀኑን የሚነግራችሁ ግን የልጁ ወገብ ነው። የጎረቤት ልጅ በ5 ወሩ ተቀመጠ ብላችሁ አትቸኩሉ።

ለመፈተን ምንጣፍ ላይ አስቀምጡት፣ ከኋላው ትራስ አድርጉ፣ እጃችሁን ልቀቁ። አንድ ደቂቃ ሙሉ መሬቱን ሳይመረኮዝ ከቆየና የሰጣችሁትን ማንኪያ በሁለት እጁ ይዞ ካልወደቀ ወገቡ ጸንቷል። ሁለት እጁን መሬት ላይ ተክሎ ጎብጦ የሚቀመጥ ከሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ። የጎበጠ ሕፃን ፎቶ ላይ አገጩ ደረቱ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱ ይጠፋል፣ ዓይኑ ላይ ጥላ ይወድቃል። ይህን ፎቶ አንሺው በመብራት አያስተካክለውም።

በዚህ ዕድሜ ፊቱ ሞልቷል፣ ድምፅ ወደ ሰማበት ይዞራል፣ ለማያውቀው ሰው እንኳ ይስቃል፣ ባስቀመጡት ቦታ ይቆያል። ከ8 ወር ወዲያ ግን ሰው መለየት ይጀምራል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንስቶ ሲጠጋው እናቱ ጉያ ይሸጎጣል። መዳህ የጀመረውን ደግሞ አንድ ቦታ ማቆየት አይቻልም። ስለዚህ ጊዜው ያላችሁ ሁለት ወር ግድም ብቻ ነው፤ ቀጠሮውን ልጁ መቀመጥ በጀመረበት ሳምንት ያዙ።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ሌላ ሒሳብ አለው። በ2 ወር ቀድሞ ከተወለደ በ6 ወሩ የሚያደርገው የ4 ወር ልጅ የሚያደርገውን ነው፤ ቀድሞ የመጣበትን ጊዜ ከላይ በተባለው 6 እስከ 8 ወር ላይ ጨምራችሁ ቁጠሩ።

አራስ ሳለ

ተኝቶ፣ እጥፍጥፍ ብሎ የሚነሳው የጨቅላ ፎቶ ጊዜው ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ከ5ኛው ቀን በፊት እናት ገና ደካማ ናት፣ ጡቱም ወተት እየያዘ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ልጁ እግሩን መዘርጋት ይወዳል፣ እንቅልፉ ይቀላል፣ ብዙዎቹም ጉንጫቸው ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ሽፍታው በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነው፤ ለፎቶ ብላችሁ ቅባት አትቀቡበት።

በእኛ አገር እናት አራስ ቤት ናት፣ ክርስትና ያልተነሳ ልጅም ለሰው ዓይን አይወጣም። ይህን ልማድ ለፎቶ ብሎ መስበር አያስፈልግም፤ ፎቶ አንሺው ቤት ይምጣ። ጉንፋን የያዘው ከሆነ ቀጠሮው ይለፍ። ሲመጣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ቀለበትና ሰዓቱን ያውልቅ። ዕትብቱ ገና ካልወደቀ ሆዱ በለስላሳ ጨርቅ ተሸፍኖ ይነሳ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ልብስ ያወለቀ ጨቅላ የሚነሳበት ክፍል ከ26 እስከ 28 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ባሕር ዳር ላይ እኩለ ቀን አካባቢ ይህን ማግኘት ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጅባራም ብርዳም ናት። በእነዚህ ከተሞች ቤቱን ለማሞቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ከሰል ነው፤ ለፎቶው ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ምድጃው ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ካቆመ በኋላም ይወጣል፤ ተኝቶ ያለ ጨቅላ ሲታፈን ደግሞ አያለቅስም፣ እንቅልፉ ጠለቀ ተብሎ ይታለፋል። እናቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ናት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ክፍሉን አሙቁ፣ ልጁ ሲገባ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አርቁት። ማሞቂያ ከሌለ ልጁ አይውለቅ፤ በነጠላ ተጠቅልሎ ፊቱና ጣቶቹ ብቻ የሚታዩበት ፎቶ ከራቁቱ ፎቶ አያንስም፣ እንዲያውም የእኛ ቤት ፎቶ የሚመስለው እሱ ነው። የሚተኛበትን ጋቢ በሙቅ ውኃ ጎማ ማሞቅ ይቻላል፤ ጎማው ግን ልጁ ከመተኛቱ በፊት ይውጣ። እጁና እግሩ ሰማያዊ መስሎ ቆዳው ዥንጉርጉር ከሆነ በርዶታል፤ ካሜራው ይቀመጥና ይታቀፍ። ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ ግን ጉዳዩ የብርድ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም።

ኢንተርኔት ላይ አገጩን በሁለት እጁ ደግፎ የተኛ ጨቅላ አይታችሁ «እንደዚህ አንሳልን» አትበሉ። ያ ፎቶ የሁለት ፎቶ ቅንብር ነው። በአንዱ ሰው ጭንቅላቱን ይዞለታል፣ በሌላው እጁን ይዞለታል፣ በኋላ የሰውየው እጅ በኮምፒውተር ይጠፋል። ጨቅላ ጭንቅላቱን በራሱ መሸከም አይችልም፤ በእውን ልሞክር የሚል ፎቶ አንሺ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን አንሱና ውጡ።

40 እና 80

ክርስትናው የማይቀር የፎቶ ቀን ነው፤ ለሙስሊም ቤተሰብም በ7ኛው ቀን የሚደረገው አቂቃ አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነገር ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሱ ከሁለቱ የሚገኘው ፎቶ የተለያየ መሆኑን ነው። ሕፃን ፊት አይቶ መሳቅ የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የ40 ቀኑ ወንድ ገና እዚያ አልደረሰም። ዓይኑን ቢከፍት እንኳ ቅርብ ያለ ፊት ላይ ነው የሚያተኩረው፣ አንገቱም አልጸናም። እሱን «ሳቅ» እያላችሁ አታድክሙት፤ ክርስትና አባቱ እንደታቀፉት፣ ክንዳቸው ከአንገቱ ሥር ሆኖ፣ ፊቱ ወደ መስኮት ዞሮ ይነሳ። የ80 ቀኗ ሴት ግን ትስቃለች፣ ድምፅ ታወጣለች። እሷን የሚያነሳ ሰው ከእናቷ ትከሻ ኋላ ቆሞ እናቷ ታነጋግራት፤ የምትስቀው ለእናቷ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለማንሳት አስቀድማችሁ ካህኑን አስፈቅዱ። ከተፈቀደም ፍላሽ አይብራ፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ወደ 3200 ከፍ ይበል። ልጁ ከጥምቀቱ ሲወጣ በርዶት፣ አልቅሶ፣ ደክሞት ነው። የቤተሰቡን ዋና ፎቶ እዚያው በር ላይ ለማንሳት አትታገሉ። ቤት ይግባ፣ ይሙቅ፣ ይጥባ፣ ይተኛ፤ ሲነቃ እንግዳው ሳይበዛ አስነሱት።

ከ3 እስከ 4 ወር

በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ማንሳት ከቻለ ከደረቱ ሥር በተጠቀለለ ፎጣ ደግፋችሁ ከፊት ለፊቱ፣ ካሜራውን መሬት አስነክታችሁ አንሱት። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አይችልም። ለሀጩ ስለሚበዛ ሁለት መለወጫ ልብስ ያዙ። ለዚህ ዕድሜ ፎቶ ቤት ከመክፈል ስልክና መስኮት ይበቃል።

የተቀማጩ ፎቶ

መጀመሪያ የክትባት ካርዱን እዩ። ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው፤ ከተከተበ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሊያተኩሰው፣ ጭኑም ሊያብጥ ይችላል። የኩፍኝ ክትባቱ በ9 ወሩ ሲሆን ትኩሳቱና ሽፍታው የሚመጣው በዚያው ቀን ሳይሆን ከሳምንት ግድም በኋላ ነው። ቀጠሮውን እነዚህን ቀናት አሳልፉት። ክትባቱን ግን ለፎቶ ብላችሁ አታዘግዩ።

በዋዜማው ማታ ሰውነቱን በሞቀ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ አናቱ ላይ ያለው ቅቤም ይልቀቅ። ቅቤ የተቀባ ግንባር ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ የመብራት ሙቀት ሲነካው ቀልጦ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ አዲሱን ጥበብም ያበላሻል። ኩልም አትኳሉት፤ በእጁ አሽቶ ጉንጩ ላይ ያወርደዋል።

የሀበሻ ልብሱን አንድ ጊዜ ሳታጥቡ አታልብሱት። አዲስ ጥበብ አንገቱ ላይ ይኮሰኩሳል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ምክንያቱን ማንም አያውቅም። ሌላው ችግር ሲቀመጥ ይታያል፤ ቀሚሱ ከወገቡ ተነስቶ ወደ ላይ ይገፋና ጥለቱ አገጩን ይሸፍናል። ከኋላ በኩል ትርፉን በክር ሰብስባችሁ ስፉት እንጂ በመርፌ ቁልፍ አትያዙት።

ሰዓቱን ልጁ ነው የሚወስነው። ከእንቅልፍ ነቅቶ፣ ጠብቶ፣ አግስቶ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ያለው ጊዜ ነው ጥሩው። ለብዙዎቹ ይህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ይውላል። ገንፎም ሆነ አጥሚት ልብሱ ከመቀየሩ በፊት ይብላ። ጥሩ ፊት የምታገኙት መጀመሪያ ባሉት 20 ደቂቃዎች ስለሆነ በጣም የምትፈልጉት ልብስ መጀመሪያ ይለበስ። ብዙ ሰው ጥበቡን ለመጨረሻ ያስቀምጥና ያለቀሰ ልጅ በጥበብ ይነሳል።

ልጁን ከመስኮቱ አንድ ሜትር አርቃችሁ፣ ፊቱን ገደድ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በሌላው ጎኑ ነጭ ጋቢ ዘርግታችሁ ያዙ። ጋቢው ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያለሰልሳል። የቤቱ ግድግዳ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ጋቢው የግድ ያስፈልጋል፤ የቀለሙ ነጸብራቅ ጉንጩ ላይ አርፎ ልጁን የታመመ ያስመስለዋል። ጠይም ልጅ ነጭ ሲለብስ ካሜራው ነጩን ብቻ አይቶ ብርሃን ይቀንስና ፊቱን ያጠቁራል፤ ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ይለካ። ሻተሩ (ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ አይውረድ፣ መዳህ ለጀመረ ወደ 1/500 ይውጣ። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ከ2.8 እስከ 4 ባለው ይሁን፤ ትኩረቱ ለካሜራው በቀረበው ዓይን ላይ።

እንቅብ ውስጥ ማስቀመጥ ያምራል፤ ግን የሕፃን ጭንቅላት ከባድ ስለሆነ ወደ ፊት ሲያዘነብል እንቅቡ አብሮት ይገለበጣል። ከሥሩ፣ ከልጁ ጀርባ በኩል 2 ወይም 3 ኪሎ ጤፍ በላስቲክ አጥብቃችሁ ቋጥራችሁ አስቀምጡ፣ በላዩ ጋቢ አጥፉበት። እንቅቡ መሬት ላይ ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ በጭራሽ። እናት ወይም አባት አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ይቀመጡ።

ምላሱን እንዲያወጣ ወይም እንዲስቅ ብሎ ከንፈሩን ማር የሚያስነካ ሰው አይጠፋም፤ አገሩ የማር አገር ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቅመስ፣ በጣት ጫፍም ቢሆን። ማር ውስጥ የሚገኝ ተሕዋስ አንጀቱ ውስጥ መርዝ ሠርቶ ሰውነቱን ሊያዝለውና ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ለማሳቅ ቁልፍ አንኳኩ፣ ነጠላ ፊታችሁ ላይ ጥላችሁ ግለጡ። ይህ በ7 ወር ልጅ ላይ ሳይሠራ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ክረምቱና በጋው

የልደት ወሩን ቆጥራችሁ ልጁ የሚቀመጥበት ጊዜ የት እንደሚውል እዩ። በመስከረም የተወለደ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይቀመጣል፤ አቧራና ሙቀት ያለበት ጊዜ ነውና ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ይነሳ። በጥር የተወለደ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይደርሳል። የክረምቱ ሰማይ ብርሃኑ ለስላሳ ቢሆንም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደመናው ያጨልመዋል፣ መብራትም ይጠፋል፤ በመስኮት ብርሃን የሚያነሳ ሰው ምረጡ። ልጁ በሐምሌ ቢቀመጥም እስከ ጳጉሜን ካልዳኸ መስከረምን ጠብቁለት። አደይ አበባ መሐል የተቀመጠ ሕፃን በሌላ ወቅት የማይገኝ ፎቶ ነው። ሣሩ እርጥብ ስለሆነ ከጋቢው ሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ አበባውን ወደ አፉ እንዳይወስድ እጁን ጠብቁ። ጣና ዳር የምታነሱ ከሆነ 11 ሰዓት ሳያልፍ ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ትንኙ ይመጣል።

ዓመት ሲሞላው

ቆሞ ወይም ተራምዶ ይነሳል፤ የሰው ፍራቻው ግን ከፍ ያለበት ጊዜ ነው። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ 10 ደቂቃ ካሜራውን ሳያወጣ ከእናቱ ጋር ይጫወት። ፎቶው ለልደቱ ቀን ታትሞ እንዲደርስ ከሁለት ሳምንት በፊት አስነሱት።

ስትረከቡ ፎቶውን በፍላሽ ዲስክ ተቀበሉ፤ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነም እንደ ፋይል ይላክ፣ አለዚያ ይጨመቅና ሲታተም ይፈዛል። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም ፎቶው ቢያንስ 2400 በ3600 ፒክሰል ይሁን፤ ክፍያውን ሳትጨርሱ ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ ቁጥሩን እዩ።